ቀያዮቹን አምጪ

ካፒቴን እንየው "ቀያዮቹን አምጪ" ሳይሉኝ ሞተር አስነስተው አያውቁም። አብረን በበረርንባቸው ሦስት ዓመታት የረሱት አንድ ቀን ብቻ ነው። የማወራችሁ ያንን ቀን ነው።

መጀመሪያ ቀያዮቹ ምን እንደሆኑ ልንገራችሁና እንገላገል። በትንሿ አውሮፕላናችን በሁለቱም ክንፎች ሥር እንደ ጣት ወደ ፊት የወጣች ቀጭን ቱቦ አለች። ነፋሱ በእሷ ይገባና ፍጥነታችንን ይነግረናል፤ የግራዋ ለካፒቴኑ መለኪያ፣ የቀኟ ለረዳቱ። አውሮፕላኗ ቆማ ስታድር ተርብ ገብታ ጭቃ እንዳትለስንባት ቱቦዋን ቀይ ሽፋን እናለብሳታለን፤ እንዳይረሳ ደግሞ ከሽፋኑ ጫፍ ክንድ የሚያህል ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ጠዋት ዙሪያዋን እየዞረ ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ክንፉን የሚፈትሸው ረዳት አብራሪው ነው፣ ማለትም እኔ። ሽፋኖቹን የምነቅለውም እኔ ነኝ። ታዲያ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀበቶዬን ሳስር ሰውዬው መዳፋቸውን ይዘረጉና "ቀያዮቹን አምጪ" ይላሉ። እሰጣቸዋለሁ። "አንድ፣ ሁለት" ብለው ይቆጥራሉ፤ ከሁለት ጨርቅ ላይ ምኑ እንደሚቆጠር እንጃላቸው! ከዚያ ጭናቸው ሥር ወሸቅ አድርገው ሞተር ያስነሳሉ።

ደሜ ይፈላ ነበር፣ ወላሂ። ከበረራ ትምህርት ቤት በማዕረግ የተመረቅኩ ሰው ነኝ፤ ትከሻዬ ላይ ሦስት መስመር አለ፤ በየቀኑ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ የቤት ሥራ ላሳይ? አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "ካፒቴን፣ አያምኑኝም ማለት ነው?" አልኳቸው። "አምንሻለሁ" አሉ፣ መዳፋቸውን ሳያጥፉ። "የማላምነው ጠዋትን ነው። ጠዋት ሰው ብዙ ያስባል። አምጪ።"

ከውሰር እባላለሁ፣ የጨፋ ልጅ ነኝ። አፌ ከእጄ ይቀድማል፤ ቤተሰቤም፣ የሥራ ባልደረቦቼም፣ እኔም እናውቀዋለን። መሥሪያ ቤታችን ሦስት አውሮፕላን ያላት ትንሽ የቻርተር ድርጅት ናት። የጠራን ሁሉ ጋ እንሄዳለን፤ ማዕድን ፈላጊ እንጭናለን፣ በሽተኛ እንጭናለን፣ አንዴ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ጭነናል። ሻንጣ የሚጭንልን ሰው የለም፣ ራሳችን ነን። መንገደኛውን ከነቦርሳው ሚዛን ላይ የምናቆመውም ራሳችን ነን፤ ኪሎውን የሚደብቀኝ ሰው ብዛቱ! ካፒቴን እንየው ግን የሰው ክብደት ሲያነቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእኔ ብቻ ነው የሚነግሩኝ። "ሰው መብረር እንጂ መጋለጥ አልከፈለም" ይላሉ።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። የኮምቦልቻ ልጅ፣ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ወራት የቀራቸው፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ፣ ወሬ የማይወዱ። በረመዳን ሰመራ ላይ መንገደኛ ስንጠብቅ ከዋልን እሳቸውም ውሃ አይቀምሱም። "ይጠጡ እንጂ" ስላቸው "አልጠማኝም" ይላሉ። በሰመራ ሙቀት! ያልጠማው ሰው ካለ ድንጋይ ነው። አፈር ሜዳ ላይ መጀመሪያ ጊዜ ሳሳርፍ አውሮፕላኗ እንደ ኳስ ሦስቴ ነጥራብኝ ላብ በላብ ስሆን ደግሞ ምንም አላሉኝም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው ቀስ ብለው "አንዴ ተነስተን ሦስቴ አረፍን፤ ትርፍ ነው" ያሉኝ። ያን ቀን እንደሳቅኩ ስቄ አላውቅም።

አንበጣው በመጣበት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሥራው ወደ አገሬ መጣልኝ። መንጋው የት እንዳረፈ ከላይ ሆነው የሚያስሱ የግብርና ባለሙያዎች ይዘን በጨፋ ሸለቆ ላይ ሳምንት እንድንበር ተላክን። ማደሪያችን ከሚሴ ነበር። ጠዋት ጠዋት በመኪና እንወጣና ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ ወደተጠረገው የአፈር ሜዳ እንሄዳለን። የቦርከናን ወንዝ ተከትዬ ስበር፣ ማሽላው ቢጫ ሆኖ፣ ሰዉ ጣሳ እየደበደበ አንበጣ ሲያባርር ከላይ አየዋለሁ። የዘመዶቼ ማሳ ነው፤ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

ለእኔ ያ ሳምንት ሌላም ነገር ነበረው። በሚመጣው ሰኞ የካፒቴንነት ፈተናዬ ነው። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉልኝ ካፒቴን እንየው ናቸው። በድርጅታችን ደንብ ግን ፈተናው ተቃርቦ ጥፋት የተገኘበት ረዳት አብራሪ ይሰረዛል፤ መቼ ተመልሶ እንደሚቀርብ አይታወቅም። ከእኔ በፊት አንዱ አራት ዓመት ጠብቆ ተስፋ ቆርጦ ወጥቷል። እኔ ደግሞ አራተኛዋን፣ የካፒቴንን መስመር ለራሴ ብቻ አልነበረም የምፈልጋት። አያቴ ሐጂ ኑርሁሴን "አራተኛዋን ሳላይ እንዳትቀብሪኝ" ብለውኛል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሰዉ "ሴት ልጅ ሰማይ ላይ ምን ትሠራለች?" ሲላቸው "መሬቱን እናንተ ሞላችሁት፣ የት ትሂድ?" ያሉ ሰው!

ካፒቴን እንየውም የራሳቸው ነገር ነበራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በርረው መዝገባቸው ላይ አንድ ጭረት የለም። እንደዚያው ንጹህ እንደሆነ ሊያስረክቡ ነበር የሚፈልጉት። ከዚህ ሌላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተማርያም አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና አድርገው የምርመራ ውጤት እየጠበቁ ነው። ለማንም አልተናገሩም። እኔ የሰማሁት ሆቴሉ በረንዳ ላይ በስልክ ሲያወሩ ነው። "ዛሬም አልመጣም? እሺ የኔ እመቤት፣ ነገ ይመጣል" ሲሉ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነብኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ሆቴሉ ድረስ ሊጠይቁኝ ለመጡት አያቴ ነገርኳቸው። "ያ አለቃሽ ፊቱ ላይ ነገር አለ" ሲሉኝ ነው ያወጣሁት። ሰሙኝና "ስሟ ማን ነው?" አሉ። ነገርኳቸው። አንዴ ለራሳቸው ደገሙት።

ሐሙስ ጠዋት ፍተሻዬን ጀምሬያለሁ። የግራውን ክንፍ ጨርሻለሁ፤ የግራውን ቀይ ነቅዬ ኪሴ ከትቻለሁ። ወደ አፍንጫዋ ልዞር ስል ከጭራው በኩል "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ!" ብሎ 'እንዴት አደርሽ፣ ልጄ' የሚለኝ ድምፅ መጣ። አያቴ ናቸው፤ ነጭ ጥምጣማቸውን አስረው፣ አምስት ሽማግሌ አስከትለው። ሊመርቁን መጥተዋል።

እንግዲህ የኛን አገር ሰላምታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አደራችሁ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ናጋ፣ አልሃምዱሊላህ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። "ቆይ ሥራ ላይ ነኝ" አይባልም። እኔ ልንገራችሁ፣ ማንም አይልም! ሥራዬን እንዳለ ትቼ ወደ ጭራው ሄድኩና ጉልበታቸውን ስሜ ቆምኩ። ካፒቴን እንየውም ከመኪናው ወርደው መጡ። ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ቆሙ፣ እጃችንን ዘረጋን።

"ያ አላህ" አሉ አያቴ፣ "እነዚህን ልጆች በሰላም አውጥተህ በሰላም መልስ።"

"አሚን!"

"ይህን መንጋ ከማሽላችን ላይ አንሳልን።"

"አሚን!"

"ለተማርያም የምትባል ባሪያህ አለች። አዲስ አበባ ላይ ውጤት ትጠብቃለች። ባሏ ከኛ ጋር ሆኖ የኛን እህል ይጠብቃል፤ አንተ ደግሞ የእሱን ቤት ጠብቅለት። አፊያ አድርጋት ያ ረቢ!"

"አሚን!" አለ ሽማግሌው ሁሉ። ከመሀል አንድ "አሜን" ዘግይቶ ተሰማ፣ የተሰበረ ድምፅ። ዞር ብዬ ሳይ ካፒቴን እንየው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል። እኔ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ አብሬ ፈሰስኩ።

ዱዓው አለቀ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የቆምኩት ጭራው ጋ ነበር። ከጭራው ቀጠልኩ።

አፍንጫዋም የቀኙ ክንፍም ሳይታዩ ቀሩ። የቀኙ ቀይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሦስቱን ባለሙያዎች አስገባሁ፣ በር ዘጋሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ። ካፒቴን እንየው ዓይናቸውን በመሀረብ ጠረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ሞተር አስነሱ። መዳፋቸውን አልዘረጉም።

መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆምን። "ዝግጁ?" "ዝግጁ።" የሞተሩን ጉልበት መስጫ ዘንግ ወደ ፊት ገፏት። አውሮፕላኗ አቧራዋን አንስታ መሮጥ ጀመረች። የእኔ ሥራ መለኪያዎቹን ማየት ነው። የሳቸው የፍጥነት መለኪያ አርባ አለ፣ ሃምሳ አለ። የእኔ ዜሮ ላይ ተኝቷል። ቀና ብዬ በቀኜ መስኮት አየሁ። ቀዩ ጨርቅ ከክንፉ ሥር እየተርገበገበ ነው።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ታሪኩ ታሪክ አይሆንም። የሳቸው መለኪያ ይሠራል አልኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አርባ ደቂቃ ዞረን እንመለሳለን፤ ስንቆም ቀድሜ ወርጄ እነቅለዋለሁ፤ አላህና እኔ ብቻ እናውቃለን። ሰኞ እፈተናለሁ። ይህን ሁሉ ለማሰብ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀብኝ አላውቅም። የማውቀው አፌ፣ ያ ዕድሜ ልኬን ያሳፈረኝ አፌ፣ ቀደመኝ።

"ስቶፕ!"

በእኛ ሥራ ስቶፕ የተባለ ሰው ለምን አይልም። ቢሆንም ብዙ ካፒቴን አይቻለሁ፣ የራሱ መለኪያ ደህና ሆኖ እያየ የታናሹን ጩኸት የሚሰማው ስንቱ ነው? ካፒቴን እንየው ዓይናቸውን እንኳ ወደ እኔ አላዞሩም፤ ወዲያው ዘንጓን መልሰው ሳቧት። ፍሬን ያዙ። ሜዳው አፈር ነው፣ ተንሸራተትን፤ ሜዳው አለቀና ማሽላው ጀመረ። አገዳው በአፍንጫዋ ሥር ተጨፈለቀ፣ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ገባ፣ ማራገቢያዋ መሬት ነክታ ተጣመመች፣ ቆምን።

ከኋላ ሳሚያ የምትባለው ባለሙያ "አሁን ተነሳን ወይስ አረፍን?" አለች። ማንም አልተጎዳም። እስከዛሬ ድረስ ያን ድምፅ ሳስታውስ አልሃምዱሊላህ እላለሁ።

ቀድሞ የደረሰው መካኒካችን ኤርሚያስ ነው፣ እየሮጠ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። የቀኙን ክንፍ አየ። ዙሪያውን ቃኘ። ቀዩን ንጥቅ አድርጎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተውና ወደ እኔ መስኮት ጠጋ አለ። "መለኪያው ተበላሸ እንላለን" አለኝ በሹክሹክታ። "ማንም አላየም። ሰኞ ፈተናሽ ነው እኮ፣ እህቴ።" ኤርሚ ይህን ያለው ለራሱ ብሎ አልነበረም፤ ቢታወቅ እንጀራው ነው። አንጀቴን በላኝ። መልሴን ሳልመልስ ካፒቴን እንየው ወረዱና ከፊቱ ቆሙ።

"ኤርሚያስ፣ አምጣው።"

አመጣው። ወደ እኔ ዞረው መዳፋቸውን ዘረጉ። ከኪሴ የግራውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። "አንድ" አሉ። "ሁለት።" ከዚያ ክንፉን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ።

ሰዉ በማሽላው መሀል እየሮጠ መጣ፣ አንበጣ የሚያባርርበትን ጣሳ እንደያዘ። አያቴም መጡ፤ በሰባ ስምንት ዓመታቸው እየሮጡ፣ ጥምጣማቸው ተፈቶ። ቆመን ሲያዩን እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። "አልሃምዱሊላህ! ዱዓው ነው ያወጣችሁ!"

እኔም ምን አልኩ? አፌ ይቆረጥ። "ዱዓው ነው እዚህ የጣለን!" ብዬ ጮህኩባቸው። "ሥራዬ መሀል መጥተው... ፈተናዬን እኮ አጠፉብኝ!" ይህን ሁሉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

አያቴ እጃቸውን አወረዱ። ጥምጣማቸውን ሰበሰቡ። "እሺ ልጄ" ብለው በመጡበት ማሽላ ውስጥ ቀስ ብለው ተመለሱ። ካፒቴን እንየው "ከውሰር" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሦስት ዓመት ውስጥ ተቆጥተው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥፋቴ በቀዩ ሆኖ ሳለ የተቆጡት ለሽማግሌው ነበር።

አዲስ አበባ በመኪና ገባን። በማግሥቱ ለየብቻ ሪፖርት ጻፍን። የበረራ ደኅንነት ኃላፊያችን ዕፀገነት ናት። በበረራ ትምህርት ቤት ታላቄ ነበረች፤ ከቢሮ ውጭ እህቴ ናት፣ ቢሮ ውስጥ ግን አታውቀኝም። ሁለታችንንም አስጠርታ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

"ካፒቴን፣ የእርስዎን ላንብብ" አለች። "'ሽፋኖቹን መቀበል የእኔ ልማድና ግዴታ ነው። አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።'" ሁለተኛውን አነሳች። "ያንቺ ደግሞ፦ 'ፍተሻውን አቋርጬ ሳልጨርስ ጨርሻለሁ ብያለሁ። ካፒቴኑ ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።'" መነጽሯን አወለቀች። "ሁለት 'ብቻ' አንድ አውሮፕላን ላይ አይገባም። ስለዚህ አንዳችሁ፣ ወይም ሁለታችሁም፣ ዋሽታችሁኛል። ጎማ ቦይ ስለገባ ሰው አላባርርም። ሪፖርት ላይ የዋሸን ሰው ግን አባርራለሁ። ከግራው ክንፍ በኋላ ምን ተፈጠረ?"

ዝም አልኩ። እኔ! ዝም አልኩ። ስለ ዱዓው ከተናገርኩ የሰውዬውን እንባና የቤታቸውን ጉዳይ ቢሮ ላይ ማውጣቴ ነው። ይህን ለማንም አልነገሩም። ከዚያ ይልቅ ብባረር ይሻለኛል ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ።

ካፒቴን እንየው አዩኝ። ገባቸው። "እኔ ልናገር" አሉ። "የእሷ አያት ለባለቤቴ ዱዓ አደረጉ። ባለቤቴ ታማለች፣ ዕፀገነት። ለማንም አልነገርኩም ነበር። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ በስሟ ጠርቶ ሲለምንላት አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ሞተር አስነሳሁ። በዚያ ሁኔታ መብረር አልነበረብኝም። እሷም አቋርጣ የሄደችው አያቷን አክብራ ነው፣ ከተሳሳተ ቦታ ቀጠለች። ይኸው እውነቱ፣ የሁለታችንም ነው።" ቀጠሉና "ግን አንድ ነገር ጻፊልኝ" አሉ። "የእኔ መለኪያ ደህና ነበር። ዝም ብትል ኖሮ እስከዛሬ አላውቅም ነበር። ሰኞ ፈተና ያላት ልጅ ናት ስቶፕ ያለችው። እድሜዬን ሙሉ ከጎኔ እንዲቀመጥ የምፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው።"

ዕፀገነት መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች አጣጥፋ መለሰችልን። "እንደገና ጻፉት፣ እውነቱን ብቻ" አለች። ለካፒቴን እንየው ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ያ ጭረት የሌለው መዝገብ በመጨረሻ ዓመቱ ተጫረ። እኔ ፈተናዬ አልተሰረዘም፤ ሁለት ወር ስልጠና ደግሜ እንድቀርብ ተወሰነ። ለኤርሚያስም ምክር ተሰጠው። አዲስ ደንብም ወጣ፦ ፍተሻ የጀመረ ሰው አይጠራም፣ ሰላምም አይባልም፤ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከቢሮው ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። "ካፒቴን፣ መዝገብዎን አበላሸሁብዎ" አልኳቸው። "መዝገብ ምን ያደርግልኛል?" አሉ። "ይልቅ አያትሽን ደውዪላቸው።"

ደወልኩ። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ አልኩ። አያቴ "ምን ብለሽኝ ነበር? ረስቼዋለሁ" አሉ። አልረሱም። እሳቸው ሲረሱ አውቃለሁ፣ ሳይረሱም አውቃለሁ። ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ ለተማርያም ነው።

ውጤቱ ከሳምንት በኋላ መጣ። ንጹህ ነው። ካፒቴን እንየው ስልኩን ዘግተው ቢሮ መሀል ለማንም ሳይሆን "ንጹህ ነው" አሉ፣ ሁለቴ። እኔ እልል አልኩ፤ ኤርሚያስ ጮኸ፤ ዕፀገነት እንኳን ከክፍሏ ወጥታ አቀፈቻቸው።

ታኅሣሥ ላይ ተፈተንኩና አለፍኩ። አራተኛዋን መስመር ትከሻዬ ላይ ያሰሩልኝ ካፒቴን እንየው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው በካፒቴንነት ለመጀመሪያ በረራዬ "ረዳት እኔ እሆናለሁ" ብለው ራሳቸው ጠየቁ። በረራው የት ቢሆን ጥሩ ነው? ጨፋ። አንበጣው ሄዷል፤ የተረፈው ማሽላ ታጭዷል፤ የቀረ አንበጣ ካለ ሊያስሱ የመጡት እነ ሳሚያ ናቸው። ፍተሻው በደንቡ የረዳቱ ቢሆንም በዚያ ሜዳ ላይ እኔው ካልሠራሁት እንቅልፍ አይወስደኝም አልኩ። ካፒቴን እንየው ፈገግ ብለው ለቀቁልኝ።

ጠዋት ሜዳው ላይ ስደርስ አያቴ ቆመዋል። ግን ሩቅ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር። እጄን አነሳሁላቸው፤ እጃቸውን አነሱልኝ፤ አልመጡም። ልቤ ተሰበረ። ግራውን ክንፍ ፈተሽኩ፣ ቀዩን ነቀልኩ። አልመጡም። አፍንጫዋን፣ ቀኙን ክንፍ፣ ሁለተኛውን ቀይ፣ ጭራውን። ከዚያ ማዶ ቆመው ያዩኛል፣ አንድም ሽማግሌ ቃል አይተነፍስም። ያ ቃሌ ውስጣቸው ገብቷል አልኩ፤ ከእንግዲህ ሥራዬ ላይ አይመጡም። የእጄን አገኘሁ።

ፍተሻዬን ጨርሼ አላስቻለኝም፤ መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ ትከሻዬን ያዙኝ። አራቱን መስመሮች በጣታቸው ዳሰሱ፣ አንድ በአንድ። ዓይናቸው ሞላ። "አባዬ" አልኩ፣ "አይመርቁኝም?"

እጃቸውን ለዱዓ አላነሱም። አንዱን መዳፍ ብቻ ወደ እኔ ዘረጉ።

"ቀያዮቹን አምጪ" አሉ።

ወደ አውሮፕላኗ ዞርኩ። ካፒቴን እንየው ጎንበስ ብለው ጎማ እያዩ ነው፤ ያ ጎማ ከታየ ቆይቷል። ለካ በየሳምንቱ ይደዋወሉ ኖሯል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ከእኔ ጀርባ።

ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ጨርቆቹን አገላብጠው አዩ፣ ጫፋቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። "ቶኮ" አሉ፣ እየቆጠሩ። "ላማ።" ከዚያ ካፒቴን እንየውን በእጃቸው ጠሯቸውና፣ መጥተው ከጎኔ እስኪቆሙ ጠብቀው፣ ሁለቱን ቀያዮች ሰጧቸው። ካፒቴን እንየውም ተቀብለው እንደገና ቆጠሩ።

"ሁለት ናቸው" አሉ አያቴ። "በይ አሁን እጅሽን ዘርጊ።"